የድንጋይ ጉዞ ወደ ሰሜን ኬፕና ናሚቢያ፦ ረቂቁ ላይ ሐሳብ ስጡበት

ጸሐፊ፦
ሰላም እንዴት ናችሁ። ባለፈው ስብሰባ ቃል በገባሁት መሠረት የማዕድን ድንጋይ ወዳጆች ማኅበራችንን ጉዞ የመጀመሪያ ረቂቅ አስቀምጫለሁ። ሐሳቡ ናሚቢያ ብቻ ነው፦ ከጆሃንስበርግ በቦትስዋና በኩል ዊንድሁክ፣ ከዚያ ኤሮንጎ ተራሮች፣ በመጨረሻ የማዕድን ከተማዋ ጹሜብ። ጊዜው ነሐሴ አጋማሽ፣ መኪናው ሁለት ኳንተም ሚኒባስ። ለጠቅላላ ጉባኤ ከመቅረቡ በፊት ያላችሁን በሉ፤ ዝም ያለ እንደተስማማ ይቆጠራል።

የዴንቨሩ፦
ጹሜብ የሚለውን ሳይ ሌላውን ማንበብ አቃተኝ! ከአንድ ጉድጓድ ከ300 በላይ የማዕድን ዓይነት የወጣበት ቦታ እኮ ነው። እዚህ መስከረም ላይ በሚደረገው ትርኢት የጹሜብ ዲዮፕቴዝ፣ ያ አረንጓዴ ክሪስታል፣ በመስታወት ውስጥ ተቀምጦ ዋጋውን ሳነብ አንገቴን ደፍቼ ነው የማልፈው። እኔ በቀጥታ ዊንድሁክ እገባለሁ፣ መዶሻና መሮ ይዤ።

የጂኦሎጂ መምህሯ፦
ወንድሜ፣ መዶሻውን እንኳ ቤት ተወው። የጹሜብ ማዕድን ማውጫ በ1996 ተዘግቷል (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጠራው)፤ አሁን የሚታየው ሙዚየሙ ነው። ከዊንድሁክ ወደ 430 ኪሎ ሜትር ሄዶ ሙዚየም አይቶ መመለስ ጊዜ ላለው ሰው ደስ ይላል፣ ለማኅበሩ ጉዞ ግን ይከብዳል። ኤሮንጎ ሌላ ነገር ነው። እዚያ ግራናይቱ ሲቀዘቅዝ በውስጡ የቀሩ ባዶ ኪሶች አሉ፤ አኳማሪን፣ ሾርል የሚባለው ጥቁር ቱርማሊን፣ ጭስማ ኳርትዝና ፍሎራይት የሚበቅሉት በነዚያ ኪሶች ነው። ዛሬም የአካባቢው ሰዎች በእጅ መሣሪያ፣ ገደል ላይ በገመድ ተንጠልጥለው ያወጡታል። የእነሱ እንጀራ ነው፤ እኛ እንገዛለን እንጂ አንቆፍርም። የናሚቢያ የ1992 ሕግም ያለ ፈቃድ መቆፈርን አይፈቅድም። የተገዛው ድንጋይ ከአገር ሲወጣ ደግሞ ከማዕድን ሚኒስቴር የመላኪያ ፈቃድ ያስፈልገዋል፣ ስለዚህ ደረሰኝ መያዝ ግድ ነው።

የጄፒው ባለሱቅ፦
ይቅርታ አድርጉልኝና፣ ከድንጋዩ በፊት ሰው ይቅደም። እዚህ ጆሃንስበርግ፣ ጄፒ ካለን አባላት ስንቶቻችን ነን ፓስፖርት ያለን? እኔ እስከ ዛሬ በአሳይለም (በጥገኝነት ጠያቂ) ወረቀት ነው ያለሁት። ያለ ሚኒስትሩ ፈቃድ ድንበር ከተሻገርኩ ወረቀቱ ያን ቀን ነው የሚሞተው፤ የስደተኞች ሕጉ እንደዚያ ይላል። መዋጮውን እኩል እየከፈልን፣ ጉዞው ግን ፓስፖርት ላላቸው ብቻ ከሆነ «የማኅበሩ ጉዞ» አትበሉት። በግላችሁ ሂዱና ፎቶ ላኩልን።

ጸሐፊ፦
ልክ ነህ። ረቂቁን ያወጣነው ሦስታችን ሦስታችንም ፓስፖርት ያለን ስለሆንን ነው ያልታየን። መምህርት፣ ድንበር ሳንሻገር የሚሆን ነገር አለ?

የጂኦሎጂ መምህሯ፦
አለ፤ እንዲያውም የሚበልጥ። እዚሁ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ያለው ሰሜን ኬፕ።

በኪምበርሊ ብንሄድ ትልቁን ጉድጓድ እናያለን፤ ከ1871 እስከ 1914 በሰው ጉልበት ተቆፍሮ 2,720 ኪሎ ግራም አልማዝ የወጣበት ነው። እዚያ ማየት ብቻ ነው! ማንም ሰው መንገድ ላይ ያልተቆረጠ አልማዝ «በርካሽ» ቢያቀርብላችሁ እጃችሁን ኪሳችሁ ከትታችሁ እለፉ፤ ያለ ፈቃድ መያዙ ራሱ ያሳስራል።

ከኪምበርሊ ወደ ኩሩማን። ከኩሩማን ስልሳ ኪሎ ሜትር ያህል ወጣ ስትሉ ሆታዜል ነው፣ የካላሃሪ የማንጋኒዝ ቀበቶ። ንችዋኒንግ ከሚባለው ማዕድን ማውጫ እንደ ሮማን ፍሬ የሚያበራ ቀይ ሮዶክሮሳይት ወጥቷል፤ ከዌሰልስ ደግሞ ሐምራዊው ሱጂላይት። ማውጫዎቹ ሥራ ላይ ያሉ ናቸው፣ ገብቶ መልቀም የለም። ፈቃድ ካላቸው ሻጮች ነው የሚገዛው። ከዚያ በአፒንግተን አልፈን ሪምቫስማክ። አረንጓዴ ፍሎራይት የሚወጣበት ቦታ ነው። ሕዝቡን የአፓርታይድ መንግሥት በ1970ዎቹ አፈናቅሎ ከ1994 በኋላ መሬቱ የተመለሰለት ማኅበረሰብ ነው፤ ስለዚህ ከመሄዳችን በፊት አስተዳደራቸውን ማነጋገር አለብን። የመሬት ባለቤት ፈቃድ ብቻውን ግን አይበቃም። በ2002ቱ ሕግ ማዕድን የሕዝብ ሀብት ነው፣ መንግሥት ባለአደራው ነው። መልቀም የምንፈልግ ከሆነ የማዕድን መብት ካለው ሰው ጋር መግባት ነው የሚያዋጣው። የአገሩ የጌጥ ድንጋይና የማዕድን ማኅበራት ፌዴሬሽን አባል ክለቦች እንዲህ ዓይነት ጉዞ ያዘጋጃሉ፣ አንዱን ብንጠይቅ መንገዱን ያሳዩናል።

አንድ ማስጠንቀቂያ፣ እባካችሁ በረቂቁ ውስጥ በጉልህ ይጻፍ። በኩሩማን፣ በግሪኳታውንና በፕሪስካ ዙሪያ የድሮ የሰማያዊ አስቤስቶስ ቁፋሮ ክምሮች አሉ። ድንጋዩ መሐል ላይ ሰማያዊ፣ ሐር የመሰለ፣ በጥፍር ሲነኩት እንደ ጥጥ የሚፈታ ክር ካያችሁ አትንኩት፣ አትስበሩት፣ መኪና ውስጥም አታስገቡት። አስቤስቶስ የሳንባ ሽፋን ካንሰር እንደሚያመጣ በ1960 የታወቀው በዚሁ አካባቢ ሰዎች ላይ በተደረገ ጥናት ነው። የነብር ዓይን የምትሉት ወርቃማ ድንጋይ የዚሁ ዘመድ ነው፣ ክሩ በኳርትዝ ደንድኖ። ተወልውሎ ያለቀለትን ግዙ፣ ጥሬውን እቤታችሁ አትቁረጡ።

የደላንታው፦
ልጆች፣ መምህርቷ የተናገረችው ሁሉ ተመዝግቦ ይያዝ። እኔ የምጨምረው በግዢው በኩል ነው። ናሚቢያ ውስጥ ከኡሳኮስ ወደ ስዋኮፕመንድ በሚወስደው መንገድ ዳር ሻጮች አሉ፤ ደህና ሰዎች ናቸው፣ ግን ገበያ ገበያ ነው። የተሰበረ ሾርል በሙጫ ተጣብቆ፣ ከላዩ አፈር ተነስንሶበት ይመጣል። አኳማሪኑን ፌልድስፓር ከሚባል ነጭ ድንጋይ ጋር አጣብቀው «ከነእናቱ»፣ ማለትም ከነበቀለበት ድንጋይ ነው ይሉሃል። ሉፕ (የእጅ ማጉያ መነጽር) አውጡና የሚገናኙበትን መስመር እዩ፤ የበቀለ ክሪስታል ድንጋዩን ሰርስሮ ይገባል፣ የተጣበቀ ላዩ ላይ ይቀመጣል። ትንንሽ የአየር አረፋ ካለ ሙጫ ነው። ትንሿን አልትራቫዮሌት ባትሪ ጨለማ ውስጥ አብሩበት፤ ብዙው ሙጫ ነጣ ብሎ ያበራል። አሁንም ከጠረጠራችሁ በጥጥ አሴቶን ነክታችሁ አሹት፣ ሻጩን አስፈቅዳችሁ።

እኛ ወገልጤና ላይ ኦፓል ውሃ ጠጥቶ ጥርት ሲል ስንቱ ገዢ «ድንጋዬ ሞተ» ብሎ ሲጮህ አይተናል፤ ሲደርቅ ቀለሙ ይመለሳል። ዕቃውን ሳያውቁ መክፈል ነው ጥፋቱ። ዋጋም መጀመሪያ በተጠራው አትክፈሉ፣ ግን ገደል ላይ የዋለን ሰው በሳንቲም አታድክሙት።

የዴንቨሩ፦
እሺ ጋሼ፣ ተቀብያለሁ። መዶሻው ቀረ። አልትራቫዮሌት ባትሪዎቹን እኔ ከዚህ አመጣለሁ፣ ለሁሉም የሚበቃ። ናሚቢያ ግን ጨርሶ እንዳይሰረዝብኝ ብቻ!

ገንዘብ ያዥ፦
ስለ ጊዜው። ነሐሴ አጋማሽ ፍልሰታ ነው፤ ሰው እየጾመ ቀኑን ሙሉ ጸሐይ ላይ አይውልም። ከዚያ ደግሞ በፈረንጆቹ የወር መጨረሻ ደመወዝ የሚወጣበት ስለሆነ ባለሱቅ ሱቁን አይዘጋም። የሚቀረው ከነሐሴ 29 ወዲያ ነው። ዝናብ የለም፣ ሌሊቱ ግን በረሃ ስለሆነ ይቀዘቅዛል፣ ብርድ ልብስ ያዙ። ኳንተሙ ለአስፋልቱ ይበቃል፤ ለሪምቫስማክ ጠጠር መንገድ አንድ ባኪ (ፒክአፕ) እንጨምር።

የጄፒው ባለሱቅ፦
ባኪው ከእኔ። ነዳጅ ከማኅበሩ። እንደኔ ወረቀት ያላችሁ ደግሞ ዋናውን ያዙ፤ መንገድ ላይ ፖሊስ ሲያስቆም ኮፒ አያድንም።

ጸሐፊ፦
እንግዲህ ለጉባኤው የሚቀርበው እንዲህ ይሁን፦

«የማኅበሩ ጉዞ ከነሐሴ 29 እስከ ጳጉሜን 4 በሰሜን ኬፕ ይካሄዳል፤ ኪምበርሊ፣ ኩሩማን፣ አፒንግተን፣ ሪምቫስማክ። ማንኛውም አባል የሚሳተፍበትና ከማኅበሩ ካዝና የሚደገፈው ይህ ክፍል ብቻ ነው። ፓስፖርትና ቪዛ ያላቸው ጳጉሜን 3 ከአፒንግተን በአሪያምስፍሌይ ድንበር በራሳቸው ወጪ ወደ ዊንድሁክ መቀጠል ይችላሉ፤ ወደ ኤሮንጎ ሄደው ዕንቁጣጣሽን በስፒትስኮፕ ተራራ ሥር ያከብራሉ። ለመላኪያ ፈቃድ በመጨረሻ ዊንድሁክ ላይ አንድ ሙሉ የሥራ ቀን ይተዋሉ። ጹሜብ ከዕቅዱ ወጥቷል። ማንም አባል ያለ ፈቃድ አይቆፍርም፤ ያልተቆረጠ አልማዝ፣ የሜትዮራይት (ከሰማይ የወደቀ ድንጋይ) ስባሪ፣ ቅሪተ አካልና አስቤስቶስ ያለበት ድንጋይ በማኅበሩ መኪና አይጫንም። ናሚቢያ ካለው ከኮርክሳስ የተቀረጸ የሚመስል የደነደነ (ድንጋይ የሆነ) እንጨትም እንዲሁ።»

የጂኦሎጂ መምህሯ፦
«የተቀረጸ የሚመስል» የሚለውን አውጪው፤ ማንኛውም የደነደነ እንጨት ይባል። የኮርክሳሱ ደን ከ1950 ጀምሮ የተጠበቀ ቅርስ ነው፣ ስባሪም ቢሆን አይነሳም። ሌላው ጥሩ ነው።

ገንዘብ ያዥ፦
ቅድሚያ ክፍያው 1,500 ራንድ፣ እስከ ሰኔ 30። ስማችሁን ስትጽፉ «አንደኛው ክፍል ብቻ» ወይም «ሁለቱም» በሉ። የወረቀታችሁን ጉዳይ እዚህ አትዘርዝሩ፣ ለጸሐፊዋ በግል ላኩላት። ባኪው ውስጥ አራት ሰው ነው የሚገባው፣ ሁለቱ ቦታ ተይዟል።