በ19 ዓመቱ ጎልፍ የጀመረው ያንግ ታይገር ዉድስን እንዴት አሸነፈ?

ጀማሪው፦
ሰላም ለሁላችሁም። ጎልፍ መከታተል ገና መጀመሬ ነው። ሰሞኑን ያንግ ዮንግ-ኡን ስለሚባል ደቡብ ኮሪያዊ ሰማሁ። እ.ኤ.አ. በ2009 የፒጂኤ ሻምፒዮንሺፕን ከታይገር ዉድስ እጅ ነጥቆ ወስዷል አሉ። ጓደኛዬ ግን «የአንድ ቀን ዕድል ነው» ብሎ አጣጣለው። እውነት ጎልፍ የጀመረው በ19 ዓመቱ ነው? ከዚያ ቀን በፊትና በኋላስ ምን ሠርቷል?

ሣር ላይ፦
ሰላም ወዳጄ። «የአንድ ቀን ዕድል» ሲባል በጣም ነው የሚቆጨኝ። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልጻፍልህ።

ያንግ የተወለደው በ1972 ጄጁ ደሴት ላይ ነው። አባቱ ገበሬ ናቸው፤ ልጃቸውም እንደሳቸው እንዲያርስ ነበር የሚፈልጉት። የሱ ልብ ግን ሰውነት ግንባታ ላይ ነበር። ጉልበቱ ሲጎዳ ያም ቀረ። በ19 ዓመቱ ጎልፍ መለማመጃ ሜዳ ተቀጥሮ ኳስ መልቀም ጀመረ። ሌላው የመታውን እየሰበሰበ መመለስ ነው ሥራው። ጨዋታውንም እዚያው እያየና እየሞከረ ለመደው። እጁ በደንብ ሳይፍታታ ደግሞ ብሔራዊ ውትድርና መጣ፤ ለኮሪያ ወንዶች ግዴታ ነውና ዱላውን አስቀምጦ ሄደ።

ፕሮፌሽናል የሆነው በ1996 ነው። ታይገርም ፕሮፌሽናል የሆነው በዚያው ዓመት ነው! አንዱ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ዱላ ይዞ ያደገ፣ ሌላው ከጥቂት ዓመታት በፊት ኳስ ለቃሚ የነበረ።

ከዚያ ወደ ጃፓን ተሻገረ፤ ከ2004 እስከ 2006 ባለው ጊዜ አራት ውድድር አሸነፈ። አሁን ለጓደኛህ የምትነግረው ነገር ይኸውልህ፦ በኅዳር 2006 ሻንጋይ ላይ የኤችኤስቢሲ ቻምፒየንስን ሲወስድ ሁለተኛ የወጣው ማን መሰለህ? ታይገር ዉድስ። በሁለት ምት ነው የበለጠው። ስለዚህ በ2009 ሲገናኙ ያንግ ታይገርን ማሸነፍ እንደሚቻል በራሱ እጅ ያረጋገጠ ሰው ነበር።

አሜሪካ ላይ ግን ቶሎ አልሆነለትም። 2008 ከባድ ዓመት ነበር። የመጫወቻ ፈቃዱን ለማግኘት እንደገና ማጣሪያ ገባ። አስበው፤ በሠላሳ ስድስት ዓመትህ ከወጣቶች ጋር እንደ አዲስ ስትፈተን። አለፈ። በመጋቢት 2009 ፍሎሪዳ ላይ ሆንዳ ክላሲክን አሸነፈ። ነሐሴ ላይ ደግሞ ሚኒሶታ ውስጥ ሄዝልቲን በሚባለው ሜዳ ያ እሁድ መጣ።

ቁጥር አይዋሽም፦
ታሪኩን ወድጄዋለሁ፤ ግን ሚዛናዊ እንሁን። ታይገር የመጨረሻውን ቀን የጀመረው በሁለት ምት እየመራ ነው። ጨርሶ የገባው ግን በ75 ምት ነው። ጎልፍ ላይ የሚያሸንፈው ባነሰ ምት የጨረሰ ነው፤ ፓሩ (ጥሩ ተጫዋች ይጨርስበታል ተብሎ የተቀመጠው የምት ብዛት) 72 በሆነ ሜዳ 75 ለታይገር ደካማ ቀን ነው። ያን ቀን ታይገር ተሸነፈ ብንል አይሻልም?

ሣር ላይ፦
75 መምታቱ እውነት ነው። ግን ያንግ 70 መታ፤ ያውም ከታይገር ጋር በአንድ ምድብ፣ ጎን ለጎን እየተራመደ። እስከዚያ ቀን ድረስ ታይገር ከሦስተኛው ቀን በኋላ እየመራ የገባባቸውን 14 ሜጀሮች (ፒጂኤ ሻምፒዮንሺፕን ጨምሮ የጎልፍ አራቱ ትልልቅ ዓመታዊ ውድድሮች ማለት ነው) በሙሉ ወስዷል። አብሮት የሚመደበው ተጫዋች ብዙውን ጊዜ ገና በመጀመሪያዎቹ ቀዳዳዎች እጁ ይታሰራል። ያንግ አልታሰረም።

14ኛውን ቀዳዳ ተመልከት። እኩል ናቸው። አጭር ፓር 4 ነው፤ ማለትም በአራት ምት ይጨረሳል የሚባል ቀዳዳ። ሁለቱም በመጀመሪያ ምታቸው ግሪኑ (ቀዳዳው ያለበት አጭር ሣር) አካባቢ ደረሱ። ታይገር አሸዋ ውስጥ ገባ። ያንግ ከግሪኑ ፊት ለፊት ሆኖ በአጭሩ ቆርጦ መታት። ኳሷ አርፋ ተንከባለለችና ቀዳዳው ውስጥ ገባች። ኢግል፣ ከፓር በሁለት ምት ያነሰ! ታይገርም እኮ አልተኛም፤ ከአሸዋው አውጥቶ በርዲ (ከፓር በአንድ ምት ያነሰ) ሠራ። ቢሆንም ያንግ በአንድ ምት መራ።

ከዚያ ይልቅ እኔ የምወደው 18ኛውን ነው። አሁንም በአንድ ምት እየመራ ነው። እስከ ግሪኑ ከ200 ያርድ ትንሽ ያልፋል፤ ፊቱ ላይ ደግሞ ዛፍ አለ። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ኳሷን ወደ ጥግ አስጠግቶ ፓር ለማግኘት ይሞክራል። ያንግ ሃይብሪዱን፣ ማለትም የረጅም ርቀት መምቻ ዱላውን፣ አወጣና በዛፉ አናት አሳለፋት። ከባንዲራው ሦስት ሜትር ገደማ ላይ ቆመች። ታይገር ግሪኑን ሳተ። ያንግ በርዲውን አስገባ፣ ታይገር ቦጊ (ከፓር በአንድ ምት የበለጠ) ሠራ፤ ልዩነቱ ሦስት ምት ሆነ። ያንግ የጎልፍ ቦርሳውን እንዳለ ከጭንቅላቱ በላይ አነሳው! እስያ ውስጥ ከተወለዱ ወንዶች ሜጀር በማሸነፍ የመጀመሪያው እሱ ነው።

እየመራህ በመጨረሻው ቀዳዳ ላይ እንዲህ ያለ ምት የምትመታው የሌላው ሰው ቀን ስለተበላሸ አይደለም።

የባሕር ዳርቻ ልጅ፦
የደሴት ልጆች ምን እንዳላቸው አላውቅም። ቾይ ክዩንግ-ጁም እኮ የዋንዶ ደሴት ልጅ ነው። ልጅ እያለ ክብደት አንሺ ነበር። በ2002 በአሜሪካው ዋና የጎልፍ ውድድር፣ በፒጂኤ ቱር ላይ በማሸነፍ የመጀመሪያው ኮሪያዊ ሆነ፤ በ2011 ደግሞ ፕሌየርስ ቻምፒየንሺፕን ወሰደ። ለያንግ መንገድ የጠረገለት እሱ ይመስለኛል። ጄጁ ደግሞ ነፋሷ ከባድ ነው፤ ያንግን «የነፋስ ልጅ» ይሉታል።

ጀማሪው፦
በጣም አመሰግናለሁ። ከዚያ በኋላስ? አሁንም ይጫወታል?

ሣር ላይ፦
ይጫወታል። በ2010 የኮሪያ ኦፕንን ያሸነፈው የመጨረሻውን ቀን በአሥር ምት ተበልጦ ጀምሮ ነው። በ2011 ዩኤስ ኦፕን ላይ ሦስተኛ ደረጃን ተጋርቶ ጨረሰ። ከዚያ ረጅም ድርቅ መጣ፤ የአሜሪካ ፈቃዱንም አጣ። በ2018 ጃፓን ላይ እንደገና አሸነፈ። ሃምሳ ሲሞላው ወደ አንጋፋዎቹ ውድድር ገባ። እዚያም በ2024 እኩል ከጨረሱ በኋላ በተጨማሪ ቀዳዳ በርንሃርድ ላንገርን ረትቶ የመጀመሪያ ድሉን አገኘ። ላንገር ደግሞ በዚያ ውድድር ማንም በድል ብዛት የማይደርስበት ሰው ነው።

የ2009ኙን ቪዲዮ ስታገኝ ከ14ኛው ቀዳዳ ጀምረህ እየው። ጓደኛህንም አጠገብህ አስቀምጠው።