ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን ሲሄዱ 16 ሰዓት ተኩል፣ ሲመለሱ 13፦ ለምን?

የካ_09፦
ለእናቴ የቆረጥኩት ቲኬት ከቦሌ 22:30 ተነስቶ ዋሽንግተን ደለስ በማግስቱ 08:00 ይገባል ይላል። ስቆጥረው 9 ሰዓት ተኩል ነው። መመለሻው ከደለስ 11:00 ተነስቶ ቦሌ በማግስቱ 07:00፤ ይሄ ደግሞ 20 ሰዓት ሆነ። ጉዞው ሐምሌ ላይ ነው። መንገዱ ስንት ኪሎ ሜትር ነው? ትክክለኛው ሰዓትስ?

ነፋሻው፦
ቲኬት ላይ የሚጻፈው የየከተማው ሰዓት ነው። ዋሽንግተን ከማርች ሁለተኛ እሑድ እስከ ኖቬምበር መጀመሪያ እሑድ ከኛ 7 ሰዓት ወደኋላ ነው፣ በቀረው ጊዜ 8። ሲሄዱ ይደመራል፣ ሲመለሱ ይቀነሳል። ስለዚህ መሄጃው 9 ተኩል ሲደመር 7፣ 16 ሰዓት ተኩል፤ መመለሻው 20 ሲቀነስ 7፣ 13 ሰዓት። ርቀቱ በአጭሩ የአየር መስመር ወደ 11,500 ኪሎ ሜትር ነው፤ በሰዓት 900 ለሚበር አውሮፕላን 13 ሰዓት ግድም ማለት ነው።

የካ_09፦
ታዲያ መሄጃው ላይ 3 ሰዓት ተኩል ከየት ተጨመረ?

ነፋሻው፦
ከፊሉ ነፋስ ነው፤ ከላይ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ስለሚነፍስ ሲሄዱ ፊት ለፊት ይገጥማል፣ ሲመለሱ ከኋላ ይገፋል። ዋናው ግን የቦሌ ከፍታ ነው። ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ አየሩ ስስ ነው፤ ሞተሩም ጉልበቱ ይቀንሳል፣ ክንፉም የሚያነሳው ክብደት ያንሳል። ሰውና ሻንጣ ሞልቶ፣ ለዚያ ሁሉ መንገድ የሚበቃ ነዳጅ ይዞ መነሳት አይቻለውም። ስለዚህ መንገድ ላይ አርፎ ይቀዳል። ማረፊያው ይቀያየራል፤ ደብሊንም ሎሜም ሆኖ ያውቃል። ደለስ ግን ከፍታው 100 ሜትር እንኳ አይሞላም፤ ታንኩን ሞልቶ በቀጥታ ቦሌ ይገባል። እናታችን መሃል ላይ ሲያርፍ «ደረስን» ብለው ዕቃቸውን እንዳያወርዱ ከአሁኑ ይነገራቸው።

አጥቢያ፦
22:30 በኛ ከምሽቱ 4:30 ነው፤ 3 ሰዓት ቀድመው ከምሽቱ 1:30 ቦሌ ይገኙ። ይሄኛው ቀላል ነው። ጉድ የሚያደርገው 00:30 የሚል ቲኬት ነው፦ «ማክሰኞ 00:30» ሲል ሰው ማክሰኞ ማታ ሻንጣውን እየጎተተ ይመጣል፤ አውሮፕላኑ ግን ለማክሰኞ አጥቢያ፣ ሰኞ ሌሊት 6:30 ሄዷል። ቀኑም ይታይ፤ ጁላይ 10 ሐምሌ 3 ነው።

መሸጋገሪያ፦
ከደለስ በሌላ በረራ ወደ ሌላ ከተማ የሚቀጥሉ ከሆነ ሻንጣው እስከ መጨረሻው ቢጻፍም ደለስ ላይ ራሳቸው ተረክበው፣ በጉምሩክ አልፈው እንደገና ማስረከብ አለባቸው። የኢሚግሬሽኑ ሰልፍ ሲታከልበት 2 ሰዓት አያስተማምንም፤ 3 ይሁን። ደግሞ ደለስ እንጂ ዳላስ አይደለም፤ ዳላስ ቴክሳስ ነው።