ጉልበቴ እየተሻለው የፎርሙ ነጥብ ወረደ፣ የቱን ልመን?

ቢኒ፦
ሰላም ለሁላችሁ፣ እስኪ የምታውቁ አስረዱኝ። የኤሲኤል (ጉልበት ውስጥ ያለው ጅማት) ኦፕራሲዮን ተሰርቼ ፊዚዮቴራፒ ላይ ነኝ፣ እና በየተወሰነ ጊዜ ኬኦኦኤስ የሚባል ፎርም ያስሞሉኛል። 42 ጥያቄ ነው፣ ደረጃ ስትወርድ ያምሃል ወይ፣ ካልሲ ስታደርግ ይከብድሃል ወይ፣ ከአልጋ ስትነሳ፣ ከመኪና ስትወርድ እያለ ይቀጥላል፣ አብዛኛው ላይ መልሱ ከ"ምንም" እስከ "እጅግ በጣም ከባድ" አምስት ምርጫ አለው።

ባለፈው 66 አምጥቼ ነበር አሁን 64 ሆነ። ጉልበቴ ግን በግልጽ ተሽሎታል! እብጠቱ ጠፍቷል፣ ሙሉ ይታጠፋል ይዘረጋል፣ በአንድ እግር ዝላይ ስለካ የተሰራው እግሬ ደህናውን ሊደርስበት ትንሽ ነው የቀረው፣ ቀስ እያልኩ መሮጥም ጀምሬያለሁ። ዝርዝሩን ስጠይቅ ይሄን ሰጡኝ፦ ሕመም ከ78 ወደ 83፣ ምልክቶች ከ68 ወደ 71፣ የዕለት ተዕለት እንቅስቃሴ ከ88 ወደ 93፣ ስፖርት ከ50 ወደ 40፣ የኑሮ ጥራት ከ44 ወደ 31። የአምስቱ አማካይ ነው 64 ያሉኝ።

እና እኔ የገባኝ፣ ጡንቻ በማሽን የሚለካበት፣ ኤምአርአይ ያለበት ዘመን ላይ ሆነን በሽተኛው ራሱ በግምት የሚሞላው ወረቀት ምን ይጠቅማል? በዚያ ቀን ሙዴ ጥሩ ካልሆነ ነጥቤ ይወርዳል ማለት አይደል? ከባሰብኝ ግን ማወቅ እፈልጋለሁ፣ የምሬን ነው፣ ከሰማሁ ጀምሮ እየተጨነቅኩ ነው።

ፊዚዮ ሊዲያ፦
ቢኒ ሰላም። ፊዚዮቴራፒስት ነኝ፣ ይሄን ፎርም ሁሌ ነው የማሞላው ስለዚህ ትንሽ ረዘም አድርጌ ልጻፍልህ። መጀመሪያ ተረጋጋ፣ ከጻፍከው ቁጥር ላይ ጉልበትህ እንደባሰበት የሚያሳይ ነገር አላየሁም።

አንደኛ ነገር አምስቱን ደምሮ አንድ ቁጥር መስጠት ልክ አይደለም። ኤቫ ሩስና ባልደረቦቿ ይሄን መለኪያ በ1998 ሲያወጡት አምስቱ ክፍሎች ለየብቻ እንዲነበቡ ብለው ነው፣ ምክንያቱም የተለያየ ነገር ነው የሚጠይቁት። የአንተን ወረቀት እይ፣ ሦስቱ ወደላይ ሁለቱ ወደታች ሄደዋል፣ አማካዩ ይሄን ሁሉ ደብቆ "2 ነጥብ ወረደ" ብቻ አለህ። ደግሞ 64 ማለት ጉልበትህ 64 ፐርሰንት ድኗል ማለት አይደለም፣ ብዙ ሰው እንደዛ ያነበዋል። 100 ማለት ምንም ችግር የለም፣ 0 ማለት ችግሩ የመጨረሻው ደረጃ ላይ ነው፣ በቃ።

አሰራሩን ካየኸው ይገባሃል። እያንዳንዱ መልስ ከ0 ("ምንም") እስከ 4 (በጣም የከፋው) ይሰጠዋል፣ የክፍሉ አማካይ ይወሰድና በ25 ተባዝቶ ከ100 ይቀነሳል። የኑሮ ጥራት ክፍል 4 ጥያቄ ብቻ ነው ያለው፣ ጉልበትህ ምን ያህል ጊዜ ትዝ ይልሃል፣ እንዳይጎዳ ብለህ አኗኗርህን ቀይረሃል ወይ፣ ጉልበትህን አለማመንህ ምን ያህል ያስቸግርሃል፣ በጠቅላላው ምን ያህል ይከብድሃል። የአንተ 31 የመጣው የአራቱ ድምር 11 ሆኖ ነው፣ አማካዩ 2.75፣ በ25 ሲባዛ 68.75፣ ከ100 ሲቀነስ 31.25። ባለፈው 44 የነበረው ድምሩ 9 ስለነበረ ነው። ማለትም ሁለት ጥያቄ ላይ አንድ አንድ ደረጃ ከፍ አድርገህ ሞላህ፣ ያ ነው 12.5 ነጥብ የጣለህ።

ስፖርት ላይ ያለውም ተመሳሳይ ነው። ቁጢጥ ማለት፣ መሮጥ፣ መዝለል፣ በተጎዳው እግር ላይ መዞር፣ መንበርከክ ነው የሚጠይቀው። ባለፈው ስትሞላ ሩጫ ጀምረህ ነበር? ካልጀመርክ "ብሮጥ መካከለኛ ይከብደኛል" ብለህ በግምት ነው የሞላኸው። አሁን ግን ሮጠህ አየኸው፣ ምናልባት ስትዞር ሸሸት የሚል ነገር ተሰማህ፣ እና የሚሰማህን ጻፍክ። ወደ እንቅስቃሴ የሚመለስ ሰው ላይ ይሄን በተደጋጋሚ አየዋለሁ። መለኪያው አልተበላሸም፣ አንተም አልባሰብህም፣ ጉልበትህን ከበፊቱ የበለጠ እየጠየቅከው ስለሆነ ነው።

ሳባ፦
እኔም ይሄ ነገር በጣም ያሳስበኛል፣ እናቴ የጉልበት መገጣጠሚያ ቅየራ ተደርጎላት ኦክስፎርድ የሚባለውን ነው ያስሞሏት፣ 12 ጥያቄ ያለው፣ ያለፉትን 4 ሳምንታት የሚጠይቅ። ኤክስሬዩ "በጣም ጥሩ ቦታ ላይ ተቀምጧል" ተባለ፣ ሁሉም ደስ አላቸው፣ እሷ ግን ማታ ማታ በሕመሙ እንቅልፍ አጥታ ነበር የምታድረው። ሐኪሙ ሲጠይቃት "ደህና ነኝ ልጄ" ነው የምትለው፣ ሰው ማስቸገር አትወድም። ወረቀቱ ላይ ግን ማታ ያምዎታል ወይ የሚለው ላይ ስትደርስ "በየሌሊቱ" የሚለውን አስመረጠችኝ፣ ያን ጊዜ ነው ነገሩ በደንብ የታየው።

ስለዚህ ቢኒ "ወረቀቱ ምን ይጠቅማል" ላልከው፣ ብረቱ የት እንደተቀመጠ ኤክስሬይ ያሳያል፣ ሰውየው ተኝቶ ማደሩንና አለማደሩን ግን አያሳይም። እኔ ግን የምጠይቀው አለኝ፣ እናቴ ማየት ስለሚከብዳት የምሞላላት እኔ ነኝ፣ ችግር አለው? አንዳንዴ እሷ "ትንሽ ነው" ስትለኝ እኔ ግን ስታነክስ እያየሁ ስለሆነ ከፍ አድርጌ ልሞላ እፈልጋለሁ።

ዮናስ መ.፦
ሳባ፣ እኔ ለጥናት እነዚህን ፎርሞች ሰብስቤ ወደ ኮምፒውተር ከሚያስገቡት ነኝ። አንብበሽላት እሷ ያለችውን ምልክት ማድረግ ምንም አይደለም፣ ያንቺን ግምት መሙላት ግን በፍጹም አይሆንም። ስታነክስ ማየትሽ ትልቅ መረጃ ነው፣ ለሐኪሙ በቃልሽ ንገሪው፣ ወረቀቱ ላይ ግን የእሷ ድምፅ ብቻ ነው መኖር ያለበት፣ የተሰራውም ለዚህ ነው። ጥያቄውን ስታነቢላትም "ያን ያህል አይከብድሽም አይደል?" በሚል ቃና ሳይሆን እንደተጻፈው አንብቢላት፣ ልዩነት ያመጣል። እና ከኦፕራሲዮን በፊት የሞላችው ካለ አስፈልጊው። ኦክስፎርድ አሁን ከ0 እስከ 48 ነው የሚቆጠረው፣ 48 ነው ጥሩው፣ ድሮ ግን ከ12 እስከ 60 ሆኖ 12 ነበር ጥሩው፣ ስለዚህ የቆየ ወረቀት ካለ በየትኛው እንደተቆጠረ ጠይቂ። ከ20 ተነስቶ 34 የደረሰ ሰውና ከ33 ተነስቶ 34 የደረሰ ሰው ዛሬ እኩል ነው ቁጥራቸው፣ ታሪካቸው ግን ሌላ ነው።

ቢኒ ደግሞ ሙድ ላልከው፣ አዎ ይነካዋል፣ እንቅልፍ ማጣትም ጭንቀትም ይነካዋል፣ ለዚህ ነው ትንንሽ ልዩነት ላይ ሰው መጨነቅ የሌለበት። ኬኦኦኤስ ላይ ብዙ ጊዜ ከ8 እስከ 10 ነጥብ ለውጥ ሲኖር ነው በሽተኛው የሚሰማው ለውጥ አለ የሚባለው። 66 ወደ 64 ምንም ማለት አይደለም። ሕመም 78 ወደ 83ም ራሱ ጥሩ አቅጣጫ ነው እንጂ ብዙ አይባልም። ደግሞ የጥያቄው ብዛት ወሳኝ ነው፣ ስፖርት 5 ጥያቄ ስለሆነ አንድ መልስ በአንድ ደረጃ ስትቀይር 5 ነጥብ ይሄዳል፣ የዕለት ተዕለቱ 17 ጥያቄ ስለሆነ ያው ለውጥ 1.5 ነጥብ አይሞላም። ክፍሎቹን ጎን ለጎን ስታይ ይሄን አትርሳ።

እንደ አንተ ላለ ወጣት የዕለት ተዕለቱ ክፍል ብዙም አይነግርህም። ካልሲ ማድረግ የሚከብደው መጀመሪያ ሰሞን ነው፣ ከዚያ ሁሉም ሰው 90ዎቹ ውስጥ ይገባና ጣራው ላይ ይቀራል። ለዚህ ነው በ2010 የወጣው ካኖን የሚባለው የስዊድን ጥናት፣ 121 ኤሲኤላቸው የተበጠሰ ወጣቶች ላይ የተሰራው፣ ያን ክፍል ትቶ የቀሩትን አራቱን አማካይ የወሰደው። ለሳባ እናት ግን ተቃራኒው ነው፣ ሩጫና ዝላዩ ክፍል ላይ የሁሉም ነጥብ ወለሉ ላይ (ዜሮ አካባቢ) ነው፣ ዋናው ነገር ያለው ደረጃው፣ ወንበሩ፣ አልጋው ላይ ነው።

ቢኒ፦
እግዜር ይስጥልኝ፣ በጣም ነው ቀለል ያለኝ። ሊዲያ ልክ ነሽ፣ ባለፈው ስሞላ ገና አልሮጥኩም ነበር። እና የኑሮ ጥራቱ ላይ ከፍ አድርጌ የሞላኋቸው ሁለቱ "ትዝ ይልሃል" የሚለውና ያለማመኑ ናቸው። ስዞር ይከዳኛል ብዬ እፈራለሁ፣ ከድቶኝ ግን አያውቅም። ታዲያ ዝላዩ ላይ ጥሩ ስላመጣሁ ፍርሃቱን ችላ ብዬ ወደ ኳስ ልመለስ ወይስ ልጠብቅ?

ፊዚዮ ሊዲያ፦
ችላ አትበለው። የዝላይ ቴስቱ እግርህ ምን እንደሚችል ይነግርሃል፣ ፎርሙ ደግሞ አንተ በእግርህ ምን እንደምትደፍር። ሁለቱ አብረው የማይሄዱበት ጊዜ ብዙ ነው፣ አንዱ የሌላውን ቦታ ስለማይተካ ነው ሁለቱንም የምንለካው። የመገጣጠሚያ ቅየራ ላይ እንዲያውም በተቃራኒው ይመጣል፣ የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ላይ ያ የቆየ ሕመም ስለለቀቃቸው "በጣም ተሻለኝ" ብለው ይሞላሉ፣ ሰዓት ይዘህ ስታስኬዳቸው ወይ ደረጃ ስታስወጣቸው ግን ከኦፕራሲዮኑ በፊት ከነበሩት ይዘገያሉ። ሰው እንቅስቃሴውን ሲመዝን ሕመሙንም አብሮ ነው የሚመዝነው። ሳባ ይሄ ለናትሽም ይሆናል፣ ጥሩ ሞላች ብለው ስፖርቱን እንዳያስቆሟት።

ቢኒ ላንተ፣ ኤሲኤል አርኤስአይ የሚባል 12 ጥያቄ ያለው ሌላ መለኪያ አለ፣ ወደ ስፖርት ለመመለስ ያለህን ስሜት፣ ፍርሃትና በራስ መተማመን ብቻ የሚጠይቅ፣ እሱን እንዲያስሞሉህ ጠይቃቸው። ፎርሙንም ይዘህ ግባና ከጠቅላላ ቁጥሩ ይልቅ "ስዞር" የሚለውን መልስህን አሳያቸው፣ አቅጣጫ መቀየርና ድንገት መቆም ላይ ልምምድ ያስገቡልህ፣ መጀመሪያ የምታውቀውን አቅጣጫ፣ ከዚያ ሳታስበው ሰው "ቀኝ!" "ግራ!" እያለህ። ወደ ኳስ የምትመለስበትን ጊዜ እኔ ከዚህ ሆኜ ልነግርህ አልችልም፣ የሰራህ ሐኪምና ፊዚዮህ አይተውህ ነው የሚወስኑት።

እና ስትሞላ ያለፈውን አንድ ሳምንት ብቻ አስብ፣ ፎርሙ የሚለው እሱን ነው፣ ያልሰራኸው ነገር ካለም ባዶ አትተወው የመሰለህን ምረጥ። እኛን ደስ ለማሰኘት ብለህም አታሳምረው፣ ብዙ ሰው ያደርገዋል፣ እና የሚቸገርበት ነገር ሳይታይለት ወደቤቱ ይሄዳል።

ሳባ፦
ሊዲያ ይሄን ስላልሽኝ ተባረኪ፣ በእርግጥም እናቴ አሁን ማታ መተኛት ስለጀመረች "ድኛለሁ" ብላ እንቅስቃሴውን ልታቆም ነበር። ነገ ቀጠሮ አላት፣ ከፎርሙ በተጨማሪ ከወንበር መነሳቷንና አካሄዷንም እንዲለኩልን እጠይቃለሁ። ዮናስ የድሮውንም ወረቀት እያስፈለግኩ ነው።