እናቴ ቤቱን ለእንግዳ እናድርገው ትላለች፣ የባህር ዳር ቱሪዝም ይነሳል ትላላችሁ?

የጣና ዳር ልጅ

ሰላም ናችሁ። ባህር ዳር ውስጥ ከአባታችን የቀረ ግቢ አለን፣ ከሐይቁ በእግር አስር ደቂቃ ቢሆን ነው። ከኋላ አምስት ሰርቪስ ክፍሎች አሉት፣ እስካሁን ለተማሪ ስናከራይ ቆይተናል። አሁን እናቴ ክፍሎቹን አድሰን፣ ሻወር አስገብተን ለእንግዳ እናድርጋቸው ትላለች። ታላቅ ወንድሜ ደግሞ «ፈረንጅ በጠፋበት ማንን ልታሳድሩ ነው?» ብሎ ተቆጣ። ብድር ሊያስፈልገን ነው፣ የምፈራውም እሱን ነው። አዲሱ የዓባይ ድልድይ ግንቦት 2016 ተመርቋል፣ የኮሪደር ልማቱም ከተማዋን እየቀየራት ነው። ግን ድልድይና አስፋልት እንግዳ ያመጣል ወይ? ሥራው ውስጥ ያላችሁ፣ የዚህን ከተማ ቱሪዝም ወደፊት የሚወስነው ምንድን ነው? ቢመርም እውነቱን ንገሩኝ።

ባለ ጀልባው

እህቴ፣ ወደ ዘጌ ጀልባ ስነዳ አስራ ሁለት ዓመት ሆነኝ። የመጀመሪያው ሰላም ነው፣ ይሄን አንቺም ታውቂዋለሽ። ሐምሌ 2015 መጨረሻ ላይ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ሲወጣ ኢንተርኔቱም አብሮ ጠፋ፣ ለወራት። የዛሬ እንግዳ አልጋ የሚይዘው በስልኩ ነው፣ ኢንተርኔት የሌለው ከተማ ለእሱ እንደሌለ ነው። የውጭ መንግሥታት ዜጎቻቸው ወደ አማራ ክልል እንዳይሄዱ ሲያስጠነቅቁ ደግሞ የጉዞ ኢንሹራንስ ይቸግራል፣ ሰውየው ደፍሮ ልምጣ ቢል እንኳ አስጎብኚ ድርጅቱ አያመጣውም። ውጊያው ዛሬ ቢቆም ማስጠንቀቂያው በማግስቱ አይነሳም። ስለዚህ ብድሩን በፈረንጅ አታስቢው።

ሁለተኛው ሐይቁ ነው፣ እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ እሱ ነው። እምቦጭ በ2004 ገደማ ሲታወቅ የያዘው በሰሜንና በሰሜን ምሥራቅ በኩል ያለውን ዳርቻ ስለነበር፣ እኛ ባህር ዳር ያለነው የደምቢያና የፎገራ ችግር ነው ብለን ተቀመጥን። አረሙን የሚያፋፋው ከማሳ የሚታጠብ አፈርና ማዳበሪያ ነው። ከከተማ የሚገባ ፍሳሽም ያው ነው፣ ይመግበዋል። ጣና በ2007 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ተብሏል፣ ደስ ይላል፣ ግን ስሙ ውሃውን አያጠራውም። አንዳንድ ጠዋት ከወደቡ ስነሳ ሽታው እንግዳውን አፍንጫ ያስይዘዋል፣ እኔ ነኝ የማፍረው። ቤቱን ከሠራችሁ መጀመሪያ የሽንት ቤቱ ፍሳሽ የት እንደሚሄድ አስቡ።

ዘጌ ቡና

አስጎብኚ ነኝ፣ ባለ ጀልባው ያለውን ሁሉ እቀበላለሁ። እኔ የምጨምረው ስለ ሁለተኛዋ ሌሊት ነው። በደጉ ጊዜም እንግዳው እኛ ጋ አንድ ሌሊት ነበር የሚያድረው። ጠዋት በጀልባ ዑራ ኪዳነ ምሕረት፣ ከሰዓት ጢስ ዓባይ፣ በነጋታው ወደ ጎንደር። መሸጋገሪያ ነበርን እንጂ መድረሻ አልነበርንም። እንግዳው ሁለተኛ ሌሊት ካደረ ግን እራት ይበላል፣ ባጃጅ ይይዛል፣ ገበያ ይወጣል፣ ገንዘቡ ከሆቴሉ አልፎ ለሰፈሩ ይደርሳል።

ለምን አያድርም? አንዱ ፏፏቴው ነው። ጢስ ዓባይ ሁለተኛው የኃይል ማመንጫ በ1993 ሥራ ሲጀምር ውሃው ተወሰደ፣ በ2002 ደግሞ ጣና በለስ መጣ፣ የጣና ውሃ በዋሻ ወደ በለስ መሄድ ጀመረ። መብራቱን እንፈልገዋለን፣ አልከራከርም። ግን በየካቲት የመጣ ሰው ሥዕሉ ላይ ያየውን ጭስ ፈልጎ ከገደሉ ላይ ቀጭን ክር ያገኛል። መስከረም ላይ ና ብሎ አስቀድሞ እውነቱን የሚነግረው ሰው የለም። ገዳማቱም እንደዛው። ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ሴት አይገባም፣ ሥርዓቱ ነው፣ ይከበራል። ግን ከሩቅ የመጣች ሴት ይህን ደሴቱ ጋ ደርሳ መስማት የለባትም። አንዲት እናት ጀልባ ውስጥ ተቀምጣ ስታለቅስ አይቻለሁ፣ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ለእሷ ናርጋ ሥላሴ ነበረላት፣ እቴጌ ምንትዋብ ያሠሩት፣ ግቢው ብቻውን ቀን ያውላል።

ሁለተኛዋን ሌሊት የሚያመጣው እጃችን ላይ ያለው ነው። ከዘጌ ጫካ ሥር የተለቀመ ቡና እዚያው ሲቆላ፣ የወይጦ ሰው ደንገል አስሮ ታንኳ ሲሠራ፣ ከተማዋ ሜዳ ስለሆነች በብስክሌት መዞር፣ ማታ የቆሮሶ ዓሣ ጥብስ።

ሸገር ነኝ

እኔ እንግዳ ነኝ፣ አምና ለሠርግ መጥቼ ሦስት ቀን ቆይቻለሁ። የሚቀጥለው ጎብኚያችሁ እኔን የሚመስል ሰው ነው ብዬ አምናለሁ። መንገዱን ስለፈራን በአውሮፕላን መጣን፣ በረራው አንድ ሰዓት ገደማ ነው፣ ትኬቱ ግን ለቤተሰብ ሲሆን ይከብዳል። ያሳዘነኝ ሐይቁን በነፃ ቁጭ ብዬ ለማየት ቦታ መፈለጌ ነው። ብዙው ዳርቻ የሆቴል አጥር ነው፣ ቡና ካላዘዝሽ ጣናን አታዪም። ኮሪደሩ የከፈተው ቦታ ላይ ስንደርስ ግን ልጆቼ እስኪመሽ አልነሳም አሉ፣ እንዲህ ያለው ይብዛልን። አንድ ማታ ካረፍንበት ቤት ውሃ ጠፍቶ በጀሪካን ታጠብን፣ እሱ ነው እስካሁን የሚወራው። የኔ ቆንጆ፣ ንጹሕ አንሶላ፣ የማይጠፋ ውሃና የእናትሽ ቁርስ ካለ እኔ ሪዞርት አልፈልግም።

ሪሴፕሽን

ሆቴል ነው የምሠራው። ስለ ስብሰባ ማንም አላነሳም። የባህር ዳርን ሆቴል በሥራ ቀን የሚሞላው ስልጠናና ስብሰባ ነው፣ አራት አምስት ቀን የሚያድር ባለ አበል። ከአበሉ ለማትረፍ ርካሽ አልጋ የሚፈልገው ብዙ ነው፣ እኛም እየጠቆምን እንልካለን። አምስቱንም ክፍል በአንዴ አታፍርሱ። ሁለት ሠርታችሁ ሦስቱን ለተማሪ ተዉ፣ ብድሩም ያንሳል።

የጣና ዳር ልጅ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ማታ ለእናቴ አነበብኩላት፣ የጀልባዋን ሴትዮ ስትሰማ «እኔ እነግራቸዋለሁ፣ ቁርስ ላይ» አለች። በሁለት ክፍል እንጀምራለን። ወንድሜም ለስልሶ ሮቶውን እኔ እገዛለሁ ብሏል። ባለ ጀልባው፣ ሴፕቲክ ታንክ በደንብ የሚሠራ ሰው ታውቃለህ? እኛ ሰፈር ሁሉም ወደ ቦዩ ነው የሚለቀው።