አስቸኳይ፦ ቲመክስ ውስጥ ያስጀመርኩት ሥራ እየሄደ ነው፤ እኔ ግን መግባት አልቻልኩም

የታቦር ሥር (ጠያቂ)፦
ጤና ይስጥልኝ። ሐዋሳ፣ መናኸሪያ አካባቢ ባለው ቢሯችን የሚገኝ የኡቡንቱ ሰርቨር አለ። ዓርብ ማታ የደንበኞችን መዝገብ ከአሮጌው ዳታቤዝ ወደ አዲሱ የሚያሸጋግር ስክሪፕት ቲመክስ (ግንኙነት ቢቋረጥም ተርሚናሉን ከበስተጀርባ የሚያቆይ ፕሮግራም) ውስጥ አስጀምሬ ወጣሁ። አሁን ከቤት ሆኜ በኤስኤስኤች (ከርቀት መግቢያ) ገብቼ «ቲመክስ ኤልኤስ» (ያሉትን ሴሽኖች ዘርዝር) ስለው ስህተት ይሰጠኛል። ቅዳሜ መብራት ጠፍቶ ስለነበር ቲመክስን የገደለው እርሱ ነው። ስክሪፕቱ ግን በ«ቶፕ» (እየሠሩ ያሉ ፕሮግራሞችን በሚያሳየው ትእዛዝ) ሲታይ አሁንም እየሠራ ነው። መጨረሻ ላይ «ይጽደቅ ወይስ ይቅር?» ብሎ ይጠይቃል፤ ሁሉም ነገር በአንድ ትራንዛክሽን ውስጥ ስለሆነ መልስ ካላገኘ አንድም መዝገብ አይገባም። ነገ ጠዋት ቢሮው ይከፈታል፤ እባካችሁ ድረሱልኝ። የምጽፈው ከስልክ ስለሆነ ትእዛዞቹን በአማርኛ ፊደል ማስቀመጤን ይቅር በሉኝ።
በዚያው፦ ለሴሽኑ (ቲመክስ ውስጥ ለከፈትኩት የሥራ መስኮት) «ሽግግር» የሚል ስም ሰጥቼው ነበር፤ ከታች ባለው አረንጓዴ መስመር ላይ ግን የሚታየው የግርጌ ሰረዝ (_) ድርድር ብቻ ነው።

አሞራ ገደል፦
ሰርቨሩን ሪስታርት ያድርጉት። የእኔ ሁልጊዜ በዚህ ይስተካከላል።

ጥቁር መስኮት፦
በምንም ምክንያት ሪስታርት እንዳያደርጉ። ሥራው እየሄደ መሆኑን ሰውየው ጽፏል እኮ።
አቶ ጠያቂ፣ ስለ መብራቱ የያዙት ሐሳብ አያስኬድም። መብራቱ ቲመክስን አጥፍቶት ቢሆን ኖሮ ማሽኑም አብሮ ይጠፋ ነበር፤ ስክሪፕቱም ዛሬ በ«ቶፕ» ውስጥ ባልታየ። ስህተቱን ቃል በቃል ይጻፉልን። «ኖ ሰርቨር ረኒንግ» የሚል ነው ወይስ «ኖ ሰች ፋይል»? ሁለቱ ፍጹም የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ የመጀመሪያው የሶኬቱ (የቲመክስ መገናኛ) ፋይል እያለ የሚያዳምጥ ሰርቨር እንደሌለ ሲናገር፣ ሁለተኛው ፋይሉ ራሱ ቦታው ላይ እንደሌለ ይናገራል።

መምህሩ፦
ከመሠረቱ ብንነሳ ይሻላል። ስክሪን የተባለው ፕሮግራም ከ1987 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ፤ ቲመክስ የመጣው በ2007 ሲሆን፣ ከ2009 ወዲህ የኦፕንቢኤስዲ አካል ሆኖ ይሰራጫል። ሁለቱም የተሠሩት ግንኙነት ሲቋረጥ ሥራ እንዳይቋረጥ ነው እንጂ፣ የሰው መልስ የሚጠብቅ ስክሪፕትን ቅዳሜና እሑድ እንዲያስታምሙ አይደለም። እንዲህ ያለ ሥራ በሲስተምዲ (በሊኑክስ የአገልግሎቶች አስተዳዳሪ) አገልግሎትነት ይመዘገባል፣ ውጤቱ ወደ ሎግ ፋይል ይጻፋል፣ ማጽደቁ ደግሞ ራሱን የቻለ ሁለተኛ ትእዛዝ ይሆናል። በተጨማሪም ሲስተምዲ ተጠቃሚው ሲወጣ ፕሮሰሶቹን (እየሠሩ ያሉ ፕሮግራሞቹን) ሁሉ እንዲገድል ተደርጎ ሊዋቀር እንደሚችል፣ በ2016ቱ ሥሪት 230ም ይህ ነባሪ ቅንብር እንደተደረገ ማወቅ ይገባል፤ ስለዚህ ሴሽንዎ የሞተው በዚህ ምክንያት ሊሆን ይችላል።

አላሙራ፦
መምህር፣ ትምህርቱ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ሲስተምዲ ገድሎት ቢሆን ስክሪፕቱም አብሮ ይሞት ነበር። ዓሣው ከሐይቁ ሳይወጣ ስለ አጠባበሱ እየተነጋገርን ነው።

አሞራ ገደል፦
«ቲመክስ አታች» (ወደ ሴሽኑ መመለሻው) ብለው ሞክረዋል? ካልሆነ ሪስታርት።

የታቦር ሥር፦
የሚለው «ኤረር ኮኔክቲንግ ቱ ቴምፕ፣ ቲመክስ ሰረዝ 1000፣ ዲፎልት፣ ኖ ሰች ፋይል ኦር ዳይሬክተሪ» ነው። መምህሩ የጠቀሱት ትክክል ይሆናል፤ ስክሪፕቱን የጻፈው ግን ከእኛ የወጣ ሰው ስለሆነ ዛሬ ላስተካክለው አልችልም። ከዚህ ጋር የሚገናኝ ባይመስለኝም፣ ዲስኩ ሞልቶ ስለነበር ትናንት የሥራ ባልደረባዬ ቴምፕ (የጊዜያዊ ፋይሎች ፎልደር) ውስጥ ያለውን ሁሉ አጥፍቶ ቦታ አስለቅቆልናል።

ጥቁር መስኮት፦
የሚገናኘው ነገር እርሱ ብቻ ነው። ቲመክስ ሁለት ክፍል አለው፦ ከበስተጀርባ የሚኖር ሰርቨር እና እርስዎ የሚያዩት ደንበኛ። ሁለቱ የሚገናኙት ቴምፕ ውስጥ በተጠቃሚው ቁጥር በተሰየመ ፎልደር በሚቀመጥ ሶኬት ነው። ባልደረባዎ ያጠፉት ሶኬቱን ነው፤ ሰርቨሩ በሕይወት አለ፣ ስክሪፕቱንም ይዟል፣ መግቢያ ብቻ ነው የጠፋው።
ቲመክስ ለዚህ ራሱ መፍትሔ አለው፤ መመሪያው ላይም ተጽፏል። ሰርቨሩ ዩኤስአር1 የተባለው ሲግናል ሲደርሰው ሶኬቱን እንደገና ይፈጥራል። ፎልደሩን ግን አይፈጥርም። ስለዚህ አስቀድመው ቴምፕ ውስጥ «ቲመክስ-1000» የሚለው ፎልደር መኖሩን ያረጋግጡ፤ ከሌለ በራስዎ መለያ ይፍጠሩትና ፈቃዱን 700 ያድርጉት። ከዚያ «ፒኤስትሪ -ፒ» ብለው የስክሪፕቱን ወላጆች ወደ ላይ ይከተሉ፤ ከሼሉ (ትእዛዝ ከሚቀበለው ፕሮግራም) በላይ የሚያገኙት የቲመክስ ሰርቨር ነው። ቁጥሩን ይያዙና «ኪል -ዩኤስአር1» ብለው ቁጥሩን ያስከትሉ። ኪል ሲግናል መላኪያ ነው፤ ማጥፋት አለማጥፋቱ በሚልኩት ሲግናል ይወሰናል። ነገር ግን ቁጥሩን ሁለት ጊዜ ያረጋግጡ፤ ዩኤስአር1ን እንዲቀበል ያልተዘጋጀ ፕሮሰስ ሲግናሉ ሲደርሰው ይሞታል፣ በስህተት ለስክሪፕቱ ከላኩት ደግሞ የሽግግሩ ነገር ያበቃል። እስከዚያ ድረስ አዲስ ቲመክስ አይክፈቱ፤ ሁለት ሰርቨር ሆኖ ቁጥሩ ይምታታብዎታል። ከዚህ በኋላ «ቲመክስ አታች» ይሠራል።

አላሙራ፦
ከላይ ባለው እስማማለሁ። ስለ ሰረዞቹ እኔ ልመልስ፦ ቲመክስ የተገናኘው ደንበኛ ዩቲኤፍ-8ን (አማርኛን የሚይዘውን የፊደል ኮድ) አይችልም ብሎ ካመነ የአማርኛውን ፊደል በግርጌ ሰረዝ (_) ይተካዋል። ይህን የሚወስነው ኤልሲ ኦል፣ ኤልሲ ሲታይፕ እና ላንግ የተባሉትን ተለዋዋጮች አይቶ ነው፤ በኤስኤስኤች ሲገቡ ብዙ ጊዜ ባዶ ወይም «ሲ» ብቻ ሆነው ይገኛሉ። ላንግን «ሲ ነጥብ ዩቲኤፍ-8» ያድርጉት፣ ወይም «ቲመክስ -ዩ አታች» ብለው ይግቡ። የሚለወጠው በደንበኛው በኩል ብቻ ስለሆነ ሥራዎን አይነካውም። ፊደሎቹ ከታዩ በኋላ ቢደራረቡ አይደንግጡ፤ ተርሚናሉ ለእያንዳንዱ ፊደል አንድ አምድ ብቻ ይሰጣል፣ ብዙ ፎንቶች ደግሞ የግእዙን ፊደል ከዚያ አስፍተው ይስሉታል። እኔ በዚህ ተማርሬ የሴሽን ስሞችን ወደ ላቲን መልሻቸዋለሁ።

ጥቁር መስኮት፦
ለወደፊቱ ደግሞ «ቲመክስ ቴምፕ ዲር» የሚለውን ተለዋዋጭ በፕሮፋይል ፋይልዎ ውስጥ ወደ ራስዎ ሆም ፎልደር ያዙሩት፤ ያኔ ቴምፕን ማንም ቢጠርገው ሶኬቱ አይነካም። ሲያስጀምሩም ሲገቡም አንድ ዓይነት መሆን አለበት፤ አለዚያ ቲመክስ ሌላ ቦታ ፈልጎ «የለም» ይልዎታል። ሶኬቱ ከተመለሰ እዚህ ያሳውቁን።

ከአዳማ፦
ጠያቂው እስካሁን አልተመለሱም፤ እኔም ተመሳሳይ ነገር ገጥሞኝ ይህን ተከተልኩ። ሲግናሉን ከላክሁ በኋላ ለመግባት ስሞክር «አንሴፍ ፐርሚሽንስ» ይለኛል። ፎልደሩን የፈጠርኩት በሱዶ (በአስተዳዳሪ ሥልጣን) ነው።

ጥቁር መስኮት፦
ምክንያቱ እርሱ ነው። በሱዶ ሲፈጠር ባለቤቱ ሩት (የማሽኑ ዋና አስተዳዳሪ) ይሆናል፤ ቲመክስ ደግሞ ፎልደሩ የራስዎ ካልሆነ ወይም ለሌሎች ተጠቃሚዎች ክፍት ከሆነ አይቀበለውም። በ«ሲኤችኦን» ባለቤትነቱን ወደ ራስዎ ይመልሱት፣ በ«ሲኤችሞድ» 700 ያድርጉት፣ ሲግናሉንም እንደገና ይላኩ።

አሞራ ገደል፦
እኔ አሁንም ሪስታርት ነው የምለው።