መስማት የተሳናት እህቴ ጅማ ውስጥ ልብስ ስፌት የት ትማር?

ጥያቄ (ከቆጪ ሰፈር)
ሰላም ለሁላችሁ። ታናሽ እህቴ 21 ዓመቷ ነው፣ መስማት አትችልም። 8ኛ ላይ ነው ያቋረጠችው። አሁን ከእናታችን ጋር ቡና ለቀማ ትውላለች፣ ክፍያው የትም አያደርስም። እጇ ግን ለስፌት የተፈጠረ ነው፤ የጎረቤት ልጅ ሱሪ ሲቀደድ ወደ እሷ ነው የሚሮጠው። አንድ የግል ማሰልጠኛ ወስጃት "አስተርጓሚ የለንም" ብለው መለሱን። አጎታችን ደግሞ "ተበድረህ ማሽን ግዛላት" ይላል። እኛ ቤት ወለድ አይነካም። ምን ትመክሩኛላችሁ?

ልብስ ሰፊ፣ መርካቶ
ወንድሜ፣ ማሽኑ ይቆይ። መጀመሪያ ሱቅ አስገባት። እዚህ ጅማ መርካቶ፣ እኛ ጎን መስማት የማይችል ልጅ ይሠራል፣ ከብዙዎቻችን የተሻለ ነው። ያስተማሩት በአፍ አይደለም። የተበላሸውን ስፌት ገልብጠው ያሳዩታል፤ ከስር ክሩ ከተንዛዛ የላዩ ክር ላልቷል ማለት ነው፣ ማጥበቂያውን ራሱ ያዞራል። ማሽኑ ሲያጉረመርም እኛ በጆሮ እንሰማለን፣ እሱ መዳፉን ጠረጴዛው ላይ ጣል አድርጎ ያውቃል። ጀማሪ በጠርዝና በቁልፍ ይጀምራል፣ መቁረጥ በኋላ ይመጣል። ነሐሴ ላይ የተማሪ ዩኒፎርም ሲጎርፍ የሰው እጅ እንፈልጋለን፣ ከዚያ በፊት ትግባ። አንድ ነገር ግን፦ ስንት ወር በነፃ እንደምትለማመድና ከመቼ ጀምሮ እንደሚከፈላት በጽሑፍ ይሁን። ለማጅ እያሉ ዓመት ሙሉ ቤት የሚያስጠርጉ አሉ።

የቴክኒክና ሙያ አሰልጣኝ
በሱቁ እስማማለሁ፣ እዚያ ብቻ እንዳትቀር እንጂ። ሙያን የትም ይልመዱት፣ ሲኦሲ (የሙያ ብቃት ምዘና) መመዘን ይቻላል፤ ክፍል መቀመጥ ግዴታ አይደለም። ምዘናው የቃል ወይም የጽሑፍ ጥያቄም ስላለው ስትመዘገብ አስተርጓሚ እንደሚያስፈልጋት አስቀድማችሁ አሳውቁ። የመንግሥት ኮሌጆች አጫጭር ስልጠናም ይሰጣሉ፣ ጠይቁ። አስተርጓሚ ከጠፋ የጅማ ዩኒቨርሲቲን የልዩ ፍላጎት ትምህርት ክፍል አነጋግሩ፣ ምልክት ቋንቋ የሚችል ሰው ሊጠቁሟችሁ ይችላሉ። ነገ ተቀጥራ "አትሰማም" ብለው ቢገፏት ደግሞ አዋጅ ቁጥር 568/2000 አለ፤ አሠሪው ለአካል ጉዳተኛ ሠራተኛ የሥራውን ሁኔታ ማመቻቸት አለበት ይላል። ብዙ አሠሪ ግን አዋጁ መኖሩንም አያውቅም፣ ይዛችሁ ብትሄዱ አይከፋም።

እሜቴ፣ ሂርማታ
ልጄ፣ ስለ ወለዱ እኔ ልንገርህ። ወለድ አልባ ባንክ ዛሬ ሞልቷል፤ ዘምዘም ከ2013 ጀምሮ እየሠራ ነው፣ ሌሎቹ ባንኮችም የወለድ አልባ መስኮት ከፍተዋል። በሙራባሃ ገንዘቡን በእጅህ አይሰጡህም፤ ማሽኑን ባንኩ ራሱ ይገዛና ትርፉን ነግሮህ በየወሩ በሚከፈል ይሸጥልሃል። ዋስ ወይ መያዣ መጠየቃቸው ግን አይቀርም፣ ለአንድ ማሽን ብዙ ደጅ መጥናት ነው። እኔ ብሆን እቁብ እገባለሁ። ያገለገለ በተርፍላይ ወይም ሲንጀር ማሽን በልብስ ሰፊ አስፈትሸህ ግዛ። "ለብድር ተደራጁ" ብለው ከማታውቋቸው ጋር ስሟን ቢያስገቡ ግን እሺ እንዳትል፤ አንዱ ሳይከፍል ሲጠፋ ዕዳው የሁሉም ነው።

ጠያቂው
አላህ ይስጥልኝ እናቴ፣ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። አንድ የከነከነኝ፦ ደንበኛ መጥቶ ሲያዝ እንዴት ትግባባለች?

ልብስ ሰፊ፣ መርካቶ
ያ ልጅ ደብተር አለው። ደንበኛው ሞዴሉን ከስልኩ ያሳየዋል፣ እሱ ስሎ ልኬቱን ጎኑ ይጽፋል፣ ከጨርቁ ቁራጭ ቆርጦ በመርፌ ቁልፍ ገጹ ላይ ይሰካል። ክፍያና የሚወስድበት ቀን ከስር ይጻፋል፣ ደንበኛው ይፈርማል። እኛ በቃል ተቀብለን "እጅጌው አጭር ነው ያልኩት" እየተባልን ስንጨቃጨቅ እሱ ደብተሩን ገልጦ ማሳየት ነው። ይዘሃት ና፣ ሱቁን አሳይሃለሁ። ሐሙስ ብቻ አትምጡ፣ ገበያ ስለሆነ ፋታ የለንም።