ዓመቱን አጋምሶ አዲስ አበባ ለሚኖር ሰው ያገለገለ የቅንጦት ሞተርሆም ያዋጣል?

ጥያቄ፦

ሰላም ለሁላችሁም። እኔና ባለቤቴ ከረጅም የአሜሪካ ኑሮ በኋላ ጡረታ ወጥተን ካዛንቺስ አካባቢ አፓርታማ ውስጥ እንኖራለን። ልጆቻችን ግን ሜሪላንድ፣ ቴክሳስና ኮሎራዶ ተበትነው ስለሚኖሩ፣ ክረምት ሲገባ ወደዚያ ተሻግረን እስከ መስከረም መጨረሻ እንቆያለን። የሜሪላንዱን ቤት ከሸጥነው ወዲህ ሻንጣ እየጎተቱ ከአንዱ ልጅ ቤት ወደ ሌላው መዞሩ ስለሰለቸን፣ ባለቤቴ እ.ኤ.አ. በ2004 የተሠራ፣ በናፍጣ የሚሄድ የቅንጦት ሞተርሆም፣ ማለትም ውስጡ እንደ ቤት የሚኖርበት ትልቅ መኪና፣ አይቶ ልቡ ሸፍቷል። ሻጩ 85 ሺህ ዶላር ይጠይቃል። ወለሉ እብነ በረድ ነው፣ ወንበሮቹ ቆዳ ናቸው፣ የልብስ ማጠቢያ ሳይቀር አለው። ባለቤቴ «በዚህ ገንዘብ የትኛው ቤት ይገኛል?» ይለኛል፤ እኔ ደግሞ መልስ አጥቼለታለሁ። ነገሩን በቅርብ የምታውቁ ብትመክሩን ትልቅ ውለታ ነው። ውሎ አድሮ ወደዚህ ማምጣት ይቻል እንደሆነም ብትነግሩን ደስ ይለናል።

መልስ፣ ከሜክሲኮ አደባባይ አካባቢ፦

የተከበሩ እህታችን፣ ወደ አገር ቤት ከመመለሴ በፊት አሜሪካ ውስጥ በአውቶቡስና በከባድ መኪና ጋራዥ በመካኒክነት ስለሠራሁ፣ እርስዎ የጠቀሱት ዓይነት ሞተርሆም በእጄ ብዙ አልፏል። ባለቤትዎ ያዩት ዕቃ የሚናቅ አይደለም። አዲስ ሳለ ግማሽ ሚሊዮን ዶላር ገደማ ያወጣ የነበረ የዚያን ዘመን የቅንጦት ሞተርሆም ዛሬ ከ100 ሺህ ዶላር በታች መጠየቁ የተለመደ ነው፤ ከኋላ የሚቀመጠው የካሚንስ ወይም የካተርፒላር ሞተርና የአሊሰን ካምቢዮም በአግባቡ ከተያዙ ገና ብዙ የሚሄዱ ናቸው። እንዲያውም የ2004 ሥሪት መሆኑ በአንድ በኩል ይጠቅማችኋል። ከ2007ቱ የአሜሪካ የጭስ ደንብ በኋላ የመጡት የናፍጣ ሞተሮች የጥቀርሻ ማጣሪያ የተጨመረባቸው፣ ከ2010 ወዲህ ያሉት ደግሞ በአብዛኛው ጭሱን ለማጣራት የዩሪያ ፈሳሽ የሚጠጡ ስለሆኑ፣ የቀድሞዎቹ ለጠጋኝ ይቀልላሉ።

ይሁን እንጂ የወረደው የመግዣው ዋጋ ብቻ ነው። መኪናው ጋራዥ ሲገባ የሚጠየቅበት ሒሳብ ዛሬም የግማሽ ሚሊዮን ዶላር መኪና ሒሳብ ነው፤ በዚያ ላይ በ2004 ስመ ጥር ከነበሩት የቅንጦት ሞተርሆም ሠሪዎች መካከል ሞናኮ፣ ካንትሪ ኮችና ፍሊትውድ ሦስቱም በ2009 የኪሳራ ማመልከቻ አስገብተዋል። የሞተርና የካምቢዮ መለዋወጫ በየትኛውም ግዛት ይገኛል። የፊት መስታወቱ፣ የመብራቱ ሽፋን፣ የበሩ ቁልፍና መኪናው ሲቆም ወደ ጎን የሚወጡትን ተንሸራታች ክፍሎች የሚያስወጣው ሞተር ግን ለዚያ ሞዴል ብቻ የተሠሩ ስለሆኑ፣ አንዳንዴ ከተፈታ መኪና ላይ ካልሆነ አይገኙም።

ከሌላው ገዢ የሚለያችሁ ግን መኪናው ከጥቅምት እስከ ግንቦት ባለቤት ሳይኖረው ቆሞ መክረሙ ነው፤ በእኔ አስተያየት ውሳኔያችሁ መቆም ያለበት በዚህ ላይ ነው። ሞተርሆም ከመንገድ ይልቅ መቆም ይጎዳዋል። ጎማውን ብንወስድ፣ ጥርሱ አዲስ መስሎ እያለ ጎኑ ከውስጥ ይደርቃልና፣ በኪሎ ሜትር ሳይሆን በዕድሜ ነው የሚጣለው። ጎማው ጎን ላይ ዲኦቲ (DOT) ከሚለው ጽሑፍ ቀጥሎ ከሚመጣው ቁጥር የመጨረሻዎቹን አራት አሃዞች ያንብቡ፤ 2316 ቢል እ.ኤ.አ. በ2016 በ23ኛው ሳምንት ተሠራ ማለት ነው። አንዳንድ ጊዜ ሙሉው ቁጥር የሚገኘው በውስጠኛው ጎን ስለሆነ፣ ባትሪ ይዞ ከሥር መግባት ግድ ይላል። ሰባት ዓመት ያለፈውን ጎማ እጠረጥረዋለሁ፤ አሥር የሞላውን ምንም ቢያምር አልነዳበትም። እንዲህ ያለው መኪና ስድስት ወይም ስምንት ጎማ አለው፤ የአንዱ ዋጋ ደግሞ ከ500 ዶላር ይበልጣል።

እዚህ ከተማ ባለቤቱ ውጭ አገር የሄደበትን መኪና ዘበኛው በየጠዋቱ አስነስቶ «ሲያሞቅ» ማየት የለመድነው ነገር ነው። ትልቅ የናፍጣ ሞተር ላይ ይህ ደግነት ጉዳት ነው። ሞተሩ ሥራ ሳይሠራ ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ሲነሣ በቂ ሙቀት ላይ አይደርስም፤ በዘይቱ ውስጥ የሚጠራቀመው እርጥበትም አይተንም። ለመኪናው የውስጥ ዕቃዎች ኤሌክትሪክ የሚሰጠው ጄኔሬተር ደግሞ በወር አንድ ጊዜ ኤር ኮንዲሽነር ተከፍቶበት፣ ማለትም ጭነት ተሰጥቶት፣ ሁለት ሰዓት ያህል መሥራት ይፈልጋል። ስለዚህ ለልጃችሁ ቁልፍ ሰጥታችሁ «አልፎ አልፎ አስነሣልን» ማለት አይበቃም፤ መኪናውን አውጥቶ ጥሩ መንገድ የሚነዳ ሰው ያስፈልጋል። ሥራና ትንንሽ ልጆች ያሉት ሰው ይህን ለስንት ዓመት ይችለዋል?

ውርጩም አለ። ሜሪላንድና ኮሎራዶ እናንተ ገናንና ጥምቀትን እዚህ ስታከብሩ ውኃ በቧንቧ ውስጥ በረዶ ይሆናል። ከመሄዳችሁ በፊት ውኃው ከታንከሩ፣ ከማሞቂያውና ከቧንቧው ሁሉ ወጥቶ፣ ለመጠጥ ውኃ መስመር የሚሆነው ሮዝ ቀለም ያለው አንቲፍሪዝ (በውርጭ በረዶ የማይሆን ፈሳሽ) መግባት አለበት። አንድ መታጠፊያ ቢረሳ፣ ቧንቧው መሰንጠቁ የሚታወቀው በሰኔ ተመልሳችሁ ፓምፑን ስትከፍቱና ውኃው ከዚያ እብነ በረድ ሥር ሲወጣ ነው። ነዳጁ ሙሉ ሆኖ፣ ባትሪዎቹ ተነቅለው፣ የአይጥ መግቢያ ሁሉ ተደፍኖ መቀመጥም አለበት።

ይህ ሁሉ ሆኖ ባለቤትዎ ሄደው ማየታቸው አይቀርም ብዬ እገምታለሁ። ያኔ ወለሉንና ወንበሩን ትተው ከጣሪያው ይጀምሩ። መሰላል ላይ ወጥተው በአየር መውጫዎቹና በኤር ኮንዲሽነሮቹ ዙሪያ ያለው ማስቲሽ ተሰነጣጥቆ እንደሆነ ይመልከቱ። ቀጥለው በተንሸራታቾቹ ጥግ ወለሉን በጫማ ተረከዝ፣ ግድግዳውን በአውራ ጣት ጫን ይበሉ፤ የሚሰምጥ ካለ ውኃ ገብቶ እንጨቱን በልቶታል። የውጭው ፋይበር ግላስ ከጎን በኩል በፀሐይ ሲታይ ተነፍቶ ከሆነም ከውስጠኛው ሽፋን ተላቋል፤ ይህን ማስጠገን እጅግ ውድ ነው። ሞተሩን ሻጩ አስቀድሞ እንዳያሞቀው ተነጋግረው፣ ሲደርሱ ክዳኑን ከፍተው ቀዝቃዛ መሆኑን በእጅ ያረጋግጡ፤ ሞተር ችግሩን የሚናገረው ከቅዝቃዜ ሲነሣ ነው። ፍሬኑ የሚሠራበት የታመቀ አየር 120 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ ነው) ገደማ ሲደርስ ጎማዎቹን በታኮ አስይዘው፣ ሞተሩን አጥፍተው፣ የእጅ ፍሬኑን ለቀው ጌጁን ይመልከቱ። በደቂቃ ከ2 ፒኤስአይ በላይ ከወረደ አየር የሚያፈስበት ቦታ አለ። የጄኔሬተሩን ሰዓት ቆጣሪ ይዩ፤ ሃያ ዓመት ኖሮ ጥቂት ሰዓት ብቻ መሥራቱን ሻጩ እንደ ሙገሳ ቢያቀርበውም፣ ለእኔ ግን ያለ ሥራ መክረሙን የሚናገር ማስረጃ ነው። በመጨረሻም የሞተርና የካምቢዮ ዘይት ናሙና ላቦራቶሪ ይላኩ፤ ከአጠቃላይ ወጪው ጋር ሲነጻጸር ዋጋው ኢምንት ነው።

የነዳጁ ነገር ከሚወራው ያነሰ ነው። በ100 ኪሎ ሜትር ከ30 እስከ 40 ሊትር ቢፈጅ፣ ከሜሪላንድ ቴክሳስ፣ ከዚያ ኮሎራዶ፣ ከዚያ ተመልሶ ሜሪላንድ 6,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሚሆን፣ ጋሎኑ (3.8 ሊትር ገደማ) በ4 ዶላር ቢታሰብ ዙሩ ከ1,900 እስከ 2,500 ዶላር ይጠይቃል። ይህን ጡረተኛም ይችለዋል። የማይቻለው ለስምንት ወር ማቆሚያ፣ ለኢንሹራንስ፣ ለጎማና ለባትሪ እየከፈሉ የምትጠቀሙት ለአራት ወር መሆኑ ነው።

የእኔ ፍርድ ይህ ነው። ዓመቱን ሙሉ ውስጡ የምትኖሩበት ቢሆን ኖሮ «ደህና መርማሪ ይዛችሁ ግዙ» እላችሁ ነበር። አሁን ባላችሁበት ሁኔታ ግን አትግዙ፤ ለአንድ ክረምት አነስ ያለውን ተከራይታችሁ ሞክሩት። ባለቤትዎ ከሐሳባቸው ካልተመለሱ ደግሞ ማቆሚያው እንደ አሪዞና ባለ ደረቅና ውርጭ የማይበዛበት ሥፍራ በጥላ ሥር ይሁን፤ ከመግዣው ዋጋ ሲሶውን ያህልም ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ጥገና ሳይነኩ ያስቀምጡ።

ሌላ መልስ፦

ወንድማችን የመንጃ ፈቃዱን ጉዳይ ስላላነሡት ልጨምር። ቴክሳስ ከ26,000 ፓውንድ በላይ ለሚመዝን፣ ካሊፎርኒያ ደግሞ ከ40 ጫማ በላይ ለሚረዝም ሞተርሆም ለንግድ ያልሆነ የቢ ክፍል (ለከባድ ተሽከርካሪ የሚሰጥ) መንጃ ፈቃድ ትጠይቃለች፤ እናንተ በተመዘገባችሁበት ግዛት ያለውን ደንብ አስቀድማችሁ አጣሩ። ቤታችሁን ስለሸጣችሁም ለሊብሬውና ለኢንሹራንሱ የሚሆን ሕጋዊ አድራሻ መያዝ አለባችሁ። አንዳንድ የግል የሞተርሆም ማረፊያዎች ከአሥር ዓመት በላይ የሆነውን መኪና ፎቶ አይተው ካልሆነ አያስገቡም፤ ባንኮችም ለዚህ ዕድሜ ብድር መስጠት ስለማይወዱ፣ ክፍያው በአብዛኛው በጥሬ ገንዘብ ነው የሚሆነው።

ጠያቂዋ፦

እግዚአብሔር ይስጥልን። ባለቤቴ አንብቦ ዝም ብሏል፤ የጎማውን ቁጥር ግን ለሻጩ ጽፎ ጠይቋል። ወደዚህ ስለማምጣቱ ያነሣሁት ጥያቄ አልተመለሰልኝም።

መልስ፣ ከሜክሲኮ አደባባይ አካባቢ፦

ይቅርታ፣ ዘንግቼው ነው። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ መንግሥት ኤሌክትሪክ ያልሆኑ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከልክሏል፤ የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ደግሞ ባገለገለ ተሽከርካሪ ላይ ከባድ ቀረጥ ጥሏል። ይህን ማለፊያ ይገኛል የሚል ደላላ ቢመጣባችሁ አትስሙት። ቢገባ እንኳ የውስጡ ኤሌክትሪክ ሁሉ ለ120 ቮልትና ለ60 ኸርዝ የተሠራ ስለሆነ ከእኛ 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ጋር አይስማማም፤ ከአንበሳ አውቶቡስ የማያንስ ርዝመት ያለውን መኪና ደግሞ ካዛንቺስ ውስጥ የትኛው አፓርታማ ግቢ ያሳድረዋል? ሻጩ የጎማውን ቁጥር ሲልክላችሁ እዚሁ ጻፉልኝ፤ የጄኔሬተሩን ሰዓትም ጨምራችሁ ጠይቁት።